የተሞረደች ሞላ፦ የአንድ ማካሮቭ ሽጉጥ ጉዳይ ከባሕር ዳር

ትንሽ ሽጉጥ የያዘ ሰው ይዋል ይደር እንጂ አንድ ቅሬታ ማንሳቱ አይቀርም። «ምላጩ ከበደኝ» ይላል። ውሸቱን አይደለም። ልብስ ስር ለመያዝ የተሠሩ ሽጉጦች፣ በተለይ በመጀመሪያዋ ጥይት ላይ፣ ብዙዎቹ ምላጫቸው ከባድ ነው። ቁም ነገሩ ከዚያ በኋላ ያለው ነው። ክብደቱን ምን እናድርገው?

አንድ የባሕር ዳር ነጋዴ ምላጩ እንዲቀልላቸው ብለው መዶሻውን የሚገፋውን የሽጉጣቸውን ሞላ አስሞረዱት። ከዚህ በታች የምጽፈው እሳቸው ምን እንደገጠማቸው፣ ሽጉጡ ሲፈታ ምን እንደተገኘና ነገሩ በምን እንደተስተካከለ ነው። እኔ የጥበቃ ሠራተኞችን የመሣሪያ አያያዝ አሰለጥናለሁ። ጉዳዩ ወደ እኔ የመጣውም በዚሁ በኩል ነው። ባለቤቱ እንድጽፈው ፈቅደዋል፣ «ስሜ ግን ይቅር» ብለዋል። ስለዚህ ጋሼ እያልኩ እቀጥላለሁ። ነገሩ የሆነው በአማራ ክልል እ.ኤ.አ. በ2023 ግጭት ከመነሳቱ በፊት ነው።

ባለቤቱና ሽጉጡ

ጋሼ ከስልሳ ያለፉ የእህል ነጋዴ ናቸው። ጤፍና በቆሎ ከአዴትና ከመራዊ ያስመጣሉ፣ ባሕር ዳር ላይ ያከፋፍላሉ። ክፍያው ወደ ባንክና ወደ ስልክ ቢዞርም፣ ጥሬ ብር ይዞ በጠዋት መንገድ መውጣት ሙሉ በሙሉ አልቀረላቸውም። ለዚህ ብለው ሽጉጥ አስፈቅደዋል። ወረቀቱ የታደሰ፣ ቁጥሩም የተመዘገበ ነው።

የተወለዱት አዴት አካባቢ ነው። ከአባታቸው ምንሽር ጋር ነው ያደጉት። ተኩስ የለመዱት ከማሳ ዝንጀሮ ሲጠብቁ ነው፣ ኋላም በአካባቢው ዒላማ የሚስት እጅ የላቸውም ይባል ነበር። ይህን የማነሳው ለወግ ብዬ አይደለም። የጉዳዩ ግማሽ ያለው እዚያ ምንሽር ውስጥ ነው።

ሽጉጡ ማካሮቭ ነው። የሶቪየት ሥሪት ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1951 ነው ሥራ ላይ የዋለው። 9 በ18 የሚባለውን ጥይት ይተኩሳል፣ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። ርዝመቱ 16 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ባዶውን 730 ግራም ይመዝናል። ከደርግ ዘመን ጀምሮ አገራችን ውስጥ በደንብ የሚታወቅ ሽጉጥ ነው። ጠንካራ ነው፣ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ጃኬት ስር ይደበቃል።

የማካሮቭ ምላጭ ግን ሁለት ጠባይ አለው። መዶሻው፣ ማለትም ከኋላ ያለው መቺ ብረት፣ ተኝቶ ሳለ ምላጩን ከሳባችሁ፣ ጣታችሁ ሁለት ሥራ ይሠራል። መዶሻውን ወደ ኋላ ይስባል፣ ከዚያ ይለቀዋል። ይህ ረጅምና ከባድ ስበት ነው። የመጀመሪያዋ ጥይት ከወጣች በኋላ ደግሞ የላይኛው ብረት ወደ ኋላ ሲንሸራተት መዶሻውን ራሱ አቅንቶ ይተወዋል። ለሁለተኛዋ ጥይት ጣት የሚጠበቅበት መልቀቅ ብቻ ነው። ስበቱ አጭር ይሆናል፣ በጣምም ይቀላል። ዋልተር የተባለው የጀርመን ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1929 ባወጣው ፒፒ ሽጉጥ ያስፋፋው አሠራር ይህ ነው። ማካሮቭም ብዙ ነገር የወሰደው ከዚያ ነው።

ቅሬታው

ጋሼ አንድ ቀን ከከተማው ወጣ ብሎ በሚገኝ የተፈቀደ የተኩስ ሜዳ ሽጉጣቸውን ሞከሩ። በአሥር ሜትር ርቀት፣ ካርቶን ላይ። የመጀመሪያዋ ጥይት ከመሃሉ አንድ ስንዝር ያህል ወደ ግራና ወደ ታች ወረደች። ሁለተኛዋና ሦስተኛዋ መሃል ገቡ። ካዝና ቀየሩ፣ እንደገና ሞከሩ። ያው ነው። የመጀመሪያዋ ግራ ታች፣ የቀሩት መሃል።

በጣም ተናደዱ። ዕድሜ ልካቸውን ዒላማ የመቱ ሰው ናቸው። «ይቺ ምላጭ ናት የምታበላሽብኝ፣ ድንጋይ የምስብ ነው የሚመስለኝ» አሉ። አብሯቸው የነበረ ወዳጃቸው መፍትሔ ነበረው። የሚያውቀው ቶርኖ ቤት አለ፣ የሽጉጥ ሞላ ሞርዶ ያቀላል፣ ለብዙ ሰው ሠርቷል።

እዚህ ላይ ሳላነሳው የማላልፈው ነገር አለ። የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ወጥቶ፣ መሣሪያ በፈቃድ ብቻ የሚያዝ ነገር ሆኖ ሳለ፣ የተፈቀደለትን መሣሪያ የበር ማጠፊያ ለሚሠራ ሰው አሳልፎ መስጠት በየትኛውም መንገድ ትክክል አይደለም። ባለሙያው ብረት ያውቃል። ሽጉጥ ግን አያውቅም። ጋሼም ይህን ዛሬ ራሳቸው ይናገሩታል።

ሞላዋ ተሞረደች። ሽጉጡ በዚያው ቀን ተመለሰ። ቤታቸው ገብተው ባዶውን ሲስቡት ምላጩ እንደ ቅቤ ሆነላቸው። ደስ አላቸው። እንደ ድሮው ወገባቸው ላይ ሻጥ አድርገው፣ ያለ አፎት፣ በቀበቶና በሸሚዝ መሃል ይዘውት መዞር ቀጠሉ። እኔን ከጉዳዩ ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ ነው።

የተኩስ ሜዳው ላይ

በሁለተኛው ሙከራ ላይ ነበርኩ። የማሰለጥናቸውን ጥበቃዎች ይዤ መጥቼ ነው። ጋሼ ከጎናችን ቆመው ተራቸውን ይጠብቃሉ።

ተራቸው ሲደርስ ጥይት አጎረሱ። መዶሻውን በአውራ ጣታቸው ይዘው ቀስ አድርገው አስተኙት። ይህን ሳይ ክው ነው ያልኩት። ማካሮቭ በግራ ጎኑ ላይ መቆለፊያ አለው። ወደ ላይ ሲገፋ ሽጉጡን ይቆልፋል፣ የቀናውን መዶሻም ጥይቷን ሳይመታ ራሱ ያስተኛዋል። ወደ ታች ሲወርድ ለተኩስ ዝግጁ ነው። መዶሻን በጣት ማስተኛት የሚያስፈልግበት ምክንያት የለም። ጣት ካዳለጠ ጥይቷ ትወጣለች።

ጋሼ አነጣጠሩ፣ ሳቡ። ቀጭ አለ። ጥይቷ ከሸፈች።

የከሸፈች ጥይት ዘግይታ ልትፈነዳ ስለምትችል አፈሙዙን ወደ ዒላማው አድርገው እንዲቆዩ ነገርኳቸው። ሠላሳ ሰከንድ ያህል ጠበቅን። አወጡዋት። ቀጣይዋን አጎረሱ። አሁን መዶሻው ቀንቷል። ሳቡ፣ ወጣች፣ መሃል ገባች።

ፊታቸው በራ። ወደ እኔ ዞር አሉና «አየህ?» አሉኝ። ሽጉጡን ዝቅ እያደረጉ ነበር። ጣታቸው ምላጩ ላይ ነው፣ መዶሻው ቀንቷል። ሁለተኛዋ ጥይት ያኔ ወጣች።

ከጫማቸው አንድ እርምጃ ፊት ለፊት መሬቱ ተበሳ። ደረቅ ጥቁር አፈር ሱሪያቸው ላይ ተረጨ። ማንም አልተጎዳም። ከጥበቃዎቹ አንዱ «በስመ አብ» አለ፣ ከዚያ ሁሉም ዝም። ጋሼ ሽጉጡን እያዩ ቆሙ። «እኔ አልሳብኩም» አሉ።

አምናቸዋለሁ። ማለትም ሊስቡ አላሰቡም። ያልታሰበ ተኩስን ያጠኑ ሰዎች ጣት ባለቤቱ ሳያዘው የሚጨበጥባቸውን ሦስት ሁኔታዎች ይጠቅሳሉ። አንደኛው ድንጋጤ ነው። ሁለተኛው ሚዛን መሳት ነው፣ ሰው ሲንገዳገድ እጁ ይጨበጣል። ሦስተኛው አንድ እጅ ጠንክሮ ሲጨብጥ ሌላው እጅም አብሮ መጨበጡ ነው። ጋሼ ሲዞሩ እግራቸውን አንቀሳቅሰዋል፣ በግራ እጃቸውም ምልክት እያሳዩኝ ነበር። ምላጩ ጤነኛ ቢሆን ኖሮ ይህ ትንሽ መጨበጥ ላያስተኩስ ይችል ነበር። በዚያ በተሞረደ ሞላ ላይ ግን ከበቂ በላይ ነበር።

ሽጉጡ ሲፈታ

ካዝናውን አውጥቼ፣ የጎረሰ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጬ ሽጉጡን ፈታሁት።

መጀመሪያ ያየሁት የከሸፈችዋን ጥይት ነው። ከቀለሁ መቀመጫ መሃል ያለችው ክብ ማቀጣጠያ ላይ መምቻው፣ መዶሻው የሚገፋው ቀጭን ብረት፣ የተወው ጉድጓድ አለ። ከተተኮሱት ቀለሆች አጠገብ አድርጌ በመስኮቱ ብርሃን አየሁት። የተተኮሱት ላይ ጉድጓዱ ጥልቅ ነው፣ ጠርዙም ጉልህ ነው። የከሸፈችዋ ላይ ግን መምቻው ነክቷት ብቻ ነው ያለፈው። ማቀጣጠያዋን ለማስነሳት የሚበቃ ምት አላገኘችም። የመሣሪያ ጥይት ማቀጣጠያ ጠንከር ተደርጎ ነው የሚሠራው፣ ሲጣልና ሲንገላታ እንዳይነሳ። ስለዚህ ጠንካራ ምት ይፈልጋል። ያን ምት የሚሰጠው ደግሞ ሞላው ነው። ሞላው ሲዳከም ምላጩ ይቀላል፣ ምቱም አብሮ ይቀላል። ሁለቱን መነጠል አይቻልም።

ማካሮቭ ላይ ደግሞ ነገሩ ይብሳል። የብዙ ሽጉጦች የመዶሻ ሞላ ጥምዝ ሽቦ ነው። የማካሮቭ ግን መያዣው ውስጥ የተቀመጠ ዝርግ ብረት ነው። ይቺ አንዲት ዝርግ ሞላ ብዙ ሥራ ትሠራለች። ሰፊው ክንዷ መዶሻውን ይገፋል። ጠባቡ ክንዷ ምላጩን ከመዶሻው ጋር የሚያገናኘውን ብረት ይገፋል። የታችኛው ጫፏ ደግሞ የካዝናው መያዣ ላይ ይጫናል። አንድ ቦታ ሲነካት ሌላው ይናጋል። የጋሼ ካዝና ከዚያ በፊት አንድ ሁለቴ መኪና ውስጥ ወልቆ እንደወደቀባቸው የነገሩኝ ይህን ስናወራ ነው። ከሞላው ጋር ግንኙነት አለው ብለው አላሰቡም ነበር።

ሞላዋን ወደ ብርሃን አቅርቤ አየኋት። ሰፊው ክንድ ላይ የሞረድ ጭረት አለ፣ አግድም የሄደ። ዝርግ ሞላ ሲታጠፍና ሲቃና ጉልበቱ የሚሄደው በቁመቱ ነው። አግድም የተጫረ ጭረት ስንጥቅ የሚጀምርበት ቦታ ይሆናል። ዛሬ ባትሰበር ነገ ትሰበራለች። ሞላ የተሰበረበት ማካሮቭ ደግሞ ብረት ብቻ ነው።

ክብደቱን ለመለካት የምላጭ መለኪያ አልነበረኝም። ጣና ዳር ዓሣ ከሚያስረክቡ ልጆች አንዱ ባለ መንጠቆ ዲጂታል ሚዛን አዋሰኝ፣ ቀረሶና አምባዛ የሚያንጠለጥሉበት ዓይነት። መንጠቆው ላይ ጠንካራ ገመድ አሰርኩ፣ ገመዱን ባዶው ሽጉጥ ምላጭ መሃል ላይ፣ ጣት በሚያርፍበት ቦታ አደረግሁ። ቦታው ለውጥ ያመጣል። ገመዱ ወደ ምላጩ ጫፍ በወረደ ቁጥር ምላጩ ይቀላል፣ ምክንያቱም ክንዱ ይረዝማል። ሁለት ሽጉጥ የሚያወዳድር ሰው አንድ ቦታ ላይ መለካት አለበት። ከዚያ በዝግታ፣ ሳያቋርጡ መሳብና መዶሻው ሲወድቅ የሚታየውን ቁጥር መያዝ ነው።

ለማወዳደሪያ ያልተነካካ ማካሮቭ ከአንድ ባልደረባዬ አገኘሁ። በጤነኛው ሽጉጥ ላይ ረጅሙ ስበት ወደ 6 ኪሎ ተጠግቷል፣ አጭሩ ከ2 ኪሎ ትንሽ አለፍ ይላል። የጋሼ ሽጉጥ ረጅሙ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ሆነ። አጭሩ 1 ኪሎን ያለፈው ለጥቂት ነው። ይህ የውድድር ዒላማ ተኳሽ የሚመኘው ክብደት ነው። ያለ አፎት ቀበቶ ውስጥ ለሚሻጥ ሽጉጥ ግን አደጋ ነው።

የመጀመሪያዋ ጥይት ለምን ግራ ታች ሄደች?

ሞላውን ያስሞረዳቸው ችግር እውነተኛ ችግር ነበር። ሞላውን ማስሞረዱን አውግዞ ጥያቄውን መተው ጋሼን አይረዳም። ስለዚህ ወደ ጥያቄው እንመለስ።

ምንሽርን አስቡት። አራት ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ምላጩ ከራሱ ከመሣሪያው ክብደት ያንሳል። ሰደፉ ትከሻ ላይ ተደግፏል፣ ግራ እጅ ከስር ይዞታል። ጣት ቢበረታም መሣሪያው አይነቃነቅም። ማካሮቭ ግን ሦስት ሩብ ኪሎ አይሞላም፣ የመጀመሪያ ስበቱ ግን 6 ኪሎ ይጠጋል። ጣት የሚስበው ኃይል የሽጉጡን ክብደት ስምንት እጥፍ ያህል ይሆናል ማለት ነው። ያን ኃይል ተቋቁሞ ሽጉጡን ቀጥ አድርጎ የሚይዘው መዳፍ ብቻ ነው። በሌሎቹ ትናንሽ ሽጉጦችም ነገሩ ብዙ አይለይም። ግሎክ 43 የሚባለው፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ቀጭኑ ሽጉጥ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ ሆኖ ምላጩ 2 ኪሎ ተኩል ይሆናል። አምስት እጥፍ ነው።

ሌላው የማነጣጠሪያው ርቀት ነው። በማካሮቭ ላይ ከኋላው ማነጣጠሪያ እስከ ፊተኛው 13 ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የፊተኛው በ1 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ አሥር ሜትር ላይ ጥይቷ ወደ 8 ሴንቲ ሜትር ትወርዳለች። የጋሼ ጥይት አንድ ስንዝር ወርዳለች። ያ ማለት መዶሻው በሚወድቅበት ቅጽበት አፈሙዛቸው ወደ 2 ሚሊ ሜትር ተኩል አጎንብሷል። በዓይን የማይታይ ነገር ነው።

ለምን አጎነበሰ? መልሱን ያገኘሁት ባዶ ሽጉጥ ሲስቡ ጣታቸውን ከጎን ሳይ ነው። ምላጩን ትንሽ ስበው ይቆማሉ። ትንፋሽ ይይዛሉ። ከዚያ በአንድ ጊዜ ይጨርሱታል።

ያ የምንሽር አሳሳብ ነው። የድሮ የጦር ጠመንጃ ምላጭ ሁለት ደረጃ አለው። መጀመሪያ ቀለል ያለ ጉዞ አለ፣ ከዚያ ጣት አንድ ግልጽ ማቆሚያ ላይ ይደርሳል። ተኳሹ እዚያ ይቆማል፣ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከማቆሚያው በኋላ ያለችውን አጭር መልቀቂያ ይጨርሳል። ጋሼ ይህን በልጅነታቸው ተምረው አጥንታቸው ውስጥ ገብቷል። ጥሩ ትምህርት ነበር። የማካሮቭ ረጅም ስበት ግን እንዲህ ያለ ማቆሚያ የለውም። ከመነሻው እስከ መጨረሻው እየከበደ የሚሄድ አንድ ጉዞ ነው። መሃል ላይ የቆመ ሰው ከባዱን ክፍል ከቆመበት እንደ አዲስ መጀመር አለበት። ጣት ብቻውን አይችልም፣ መላው መዳፍ ያግዘዋል። መዳፍ ሲጨበጥ ደግሞ የቀኝ እጅ ተኳሽ ሽጉጥ ወደ ግራና ወደ ታች ይጎተታል።

ስለ ምላጭ ሲወራ ሁሉም የሚጠይቀው ኪሎውን ነው። እኔ የምለው ኪሎው ከጉዳዩ አንዱ ክፍል ብቻ ነው። ጣት ባዶ የሚሄድበት ርቀት ስንት ነው? የሚለቅበትን ነጥብ ጣት ያውቀዋል ወይስ በድንገት ይመጣበታል? ከለቀቀ በኋላ ምላጩ ምን ያህል ትርፍ ይሄዳል? ለቀጣዩ ጥይት ዝግጁ የሚሆነው ምን ያህል ወደ ፊት ሲመለስ ነው? ወጥ ሆኖ የሚሄድ 5 ኪሎ፣ እየተንገራገጨ ከሚሄድ 3 ኪሎ ይሻላል። ጋሼን ያስቸገራቸው ክብደቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ሞላው ከተሞረደ በኋላ ባዶውን ሲስቡ አፈሙዙ አያጎነብስም ነበር። በ3 ኪሎ ተኩልም ያጎነብስ ነበር። አይቼዋለሁ።

ከባድ ምላጭ ይሻላል ማለት ነው?

አይደለም፣ እንደዚያ ብቻ አልልም። የኒውዮርክ ፖሊስ መምሪያ ለረጅም ዓመታት የፖሊሶቹን ሽጉጥ ምላጭ ሆን ብሎ 12 ፓውንድ፣ ወደ 5 ኪሎ ተኩል፣ አድርጎት ነበር። ዓላማው ያልታሰበ ተኩስን መቀነስ ነው። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2012 ኤምፓየር ስቴት ሕንፃ አጠገብ ሁለት ፖሊሶች አንድ የታጠቀ ሰው ላይ ሲተኩሱ ዘጠኝ መንገደኞች ቆሰሉ፣ በፖሊሶቹ ጥይትና ፍንጣሪ። ብዙዎች ጣታቸውን በዚያ ከባድ ምላጭ ላይ ቀሰሩ። ሌላ ምክንያትም ነበር፣ ልምምድ፣ ጭንቀት፣ የሰው ብዛት። ግን ከባድ ምላጭ በየጥይቱ ላይ ሲሆን ዒላማን ያስታል። ይህ ክርክር የለውም።

የማካሮቭ ልዩነቱ ከባዱ የመጀመሪያው ብቻ መሆኑ ነው። ለወገብ ሽጉጥ ደግሞ ከባድ መሆን ያለበት እሱ ነው። ሰው ሽጉጥ የሚያወጣው ደንግጦ ነው፣ በጨለማ ነው፣ እጁ እየተንቀጠቀጠ ነው። ከሚያወጣቸውም ጊዜያት አብዛኞቹ መተኮስ የማያስፈልግባቸው ናቸው። በዚያች ቅጽበት ረጅምና ከባድ ስበት ለሰውየው የማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል። ጋሼ ያስሞረዱት ያንን ጊዜ ነው።

ምን ተደረገ

ሞላው ተቀየረ። ፈቃድ ባለው ባለሙያ፣ በዋናው ሞላ። ስንለካው ወደ ጤነኛው ሽጉጥ ቁጥር ተመለሰ። ካዝናውም መውደቁን ተወ። አፎት ተገዛ፣ ጠንካራ ቆዳ፣ ምላጩን ሙሉ በሙሉ የሚሸፍን። ሽጉጡ አፎት ውስጥ ሲሆን መቆለፊያው ወደ ላይ ነው። በተለይ ማካሮቭ ላይ ይህ ግድ ነው፣ ምክንያቱም መምቻው ወደ ኋላ የሚይዘው ሞላ የለውም፣ ቀዳዳው ውስጥ እንዲሁ ወዲያ ወዲህ ይላል። መቆለፊያው ግን መዶሻው እንዳይነካው ያደርጋል።

የቀረው ጣታቸው ነው። እዚህ ላይ ጊዜ ወስደናል።

መጀመሪያ አያያዛቸውን ቀየርን። ምላጩን በጣታቸው ጫፍ ነበር የሚስቡት፣ ለምንሽር ልክ ነው። ለረጅሙ ስበት ግን የመጀመሪያው መገጣጠሚያ ላይ ቢያርፍ ጉልበት ያገኛል። መያዣው አጭር ስለሆነ ትንሿ ጣታቸው ግማሹ አየር ላይ ነበረች። ግራ እጃቸው ከፊት ዞሮ ጣቶቹን እንዲጠቀልል አደረግን። ከዚያ በኋላ የሚጨብጠው በዋናነት ግራ እጅ ሆነ፣ ቀኝ እጅ ጣቱን ማንቀሳቀስ ብቻ ሆነ ሥራው።

ከዚያ አሳሳቡ። ጋሼ ገጠር ያደጉ ስለሆኑ በዚህ አስረዳኋቸው፦ ከጉድጓድ ውሃ ሲቀዳ ገመዱ እኩል ነው የሚሳበው። የቆመና የነጠቀ ሰው ውሃውን ያፈሰዋል። ወዲያው ገባቸው። «ታዲያ ይሄን ከመጀመሪያው ብትለኝ ምን ነበር» አሉኝ። ማቆም የለም፣ ማፍጠን የለም። መዶሻው መቼ እንደሚወድቅ ጣት እንዳያውቅ፣ ጉዞው እንዲቀጥል ብቻ።

ቤታቸው ባሕር ዳር፣ ሽምብጥ ሰፈር ነው። የልጅ ልጆቻቸው ትምህርት ቤት ሲሄዱ፣ ጥይቱ ሁሉ ሌላ ክፍል ተቆልፎበት፣ ካዝናው ወጥቶ፣ ሽጉጡ በዓይንና በጣት ተፈትሾ፣ ወደ ድንጋዩ ግንብ ዞረው ባዶ ይስባሉ። ሽጉጡ ጀርባ ላይ፣ ከፊተኛው ማነጣጠሪያ ኋላ፣ የአንድ ብር ሳንቲም ይቀመጣል። መዶሻው ሲወድቅ ሳንቲሙ ካልወደቀ ስበቱ ልክ ነው። በመጀመሪያው ቀን አንድም ጊዜ አልቆመላቸውም። ባለቤታቸው ሳንቲም ሲለቅሙ ውለው «ምን ሆነው ነው ዛሬ፣ ሙዳየ ምጽዋት ተገለበጠባቸው እንዴ?» እንዳሉ ሳይደብቁ ነገሩኝ። ቀስ በቀስ ሳንቲሙ መቆም ጀመረ።

ሦስተኛው ነገር ጣትን ማውጣት ነው። ዒላማው ላይ ካላነጣጠሩ ጣት ምላጩ ላይ አይኖርም። ጎኑ ላይ፣ ብረቱ ላይ ተዘርግቶ ያርፋል። ይህን ለጥበቃዎች በየቀኑ እላለሁ። ጋሼ ከመሬቱ መበሳት በኋላ ማንም ሳይነግራቸው ያደርጉታል። ሽጉጡን ዝቅ ከማድረጋቸው በፊት ጣት ይወጣል፣ መቆለፊያው ወደ ላይ ይሄዳል፣ መዶሻው ራሱ ይተኛል። በአውራ ጣት ማስተኛት ቀርቷል።

አሁን ያለበት ሁኔታ

ተኩስ ሜዳው ላይ ተመልሰን ሄደን ነበር። በሰባት ሜትር የመጀመሪያዋ ጥይት ከቀሩት ጋር በአንድ መዳፍ ስፋት ውስጥ ገባች፣ ያውም ሙሉ ክብደት ባለው ሞላ። በአሥር ሜትር ትንሽ ትወርዳለች፣ ግን ስንዝር መሆኗ ቀርቷል። የከሸፈ ጥይት አልነበረም።

ያልተፈታ ነገር አለ። ከከባዱ ስበት ወደ ቀላሉ ሲሻገሩ ሁለተኛዋ ጥይት አንዳንዴ ካሰቡት ቀድማ ትወጣለች። ሁለት ክብደት ያለው ሽጉጥ ይህ ችግር አለበት፣ ጣት አንዱን ሲለምድ ሌላው ይቀየርበታል። እየተለማመድንበት ነው። ከመጀመሪያዋ ጥይት በኋላ ምላጩን ሙሉ በሙሉ ሳይለቁ እስከሚይዝበት ነጥብ ብቻ መመለስ ይረዳቸዋል። እዚያ ላይ የምንሽር ልምዳቸው ጠቅሟቸዋል። አጭሩ ስበት ማቆሚያ አለው፣ እሱን ያውቁታል።

ልጃቸው ማካሮቩን በሕጋዊ መንገድ በግሎክ እንዲቀይሩ ይወተውታቸዋል። ክርክሩ ውኃ ያነሳል። ግሎክ ላይ የመጀመሪያውም የመጨረሻውም ጥይት ምላጭ አንድ ነው፣ ጣት የሚለምደው አንድ ክብደት ብቻ ነው። በሌላ በኩል የተለመደው ሥሪት በአውራ ጣት የሚንቀሳቀስ መቆለፊያ የለውም። መከላከያዎቹ ውስጥ ናቸው፣ አንዷ ምላጩ ላይ ያለች ትንሽ ምላስ ናት፣ እሷም ጣት ሲነካት ትከፈታለች። ጣት ብቻ ሳይሆን የሸሚዝ ጫፍም ሊነካት ይችላል። ለዓመታት ሽጉጥ ቀበቶ ውስጥ ሻጥ ሲያደርጉ ለኖሩ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ለጋሼ የነገርኳቸው፣ አፎት ሳይረሳ ማድረግ ልማድ እስኪሆንባቸው በማካሮቩ እንዲቆዩ ነው። ልጃቸው አልተስማማም። ጋሼ ለፈቃድ እድሳት ሲሄዱ እወስናለሁ ብለዋል።